የትናንሽ ውሾችን ክብደትና የቆዳ ማሳከክ በአመጋገብ መቆጣጠር

በደቡብ ወሎ ዞን በሐይቅ ከተማና በአጎራባቹ አምባሰል ወረዳ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ፣ ውሻ በአብዛኛው የሚመገበው ከቤተሰቡ ማዕድ የተረፈውን ነው። ይህ ልማድ ከብት ሲጠብቅና ግቢ ሲዞር ለሚውል ትልቅ ውሻ ለረጅም ጊዜ ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቀጥል ይችላል። በቤት ውስጥ ለሚያድግና እንቅስቃሴው ውስን ለሆነ ትንሽ ውሻ ግን ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የጸጉር መርገፍና የማያቋርጥ የቆዳ ማሳከክ ሊያስከትልበት ይችላል። ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚታዩ አሳዳጊዎች አንዱን ምግብ በሌላ በመቀየር ብቻ መፍትሔ ለማግኘት ይሞክራሉ። ይሁንና ክብደት የሚስተካከለው በመለካት ሲሆን፣ ማሳከክ የሚድነው ደግሞ መንስኤው በቅደም ተከተል ተለይቶ ሲታወቅ ነው።

ለትንሽ ውሻ ጥቂቱ ብዙ ነው

አንድ ውሻ በእረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያስፈልገው የኃይል መጠን ከክብደቱ ጋር ተያይዞ ይሰላል። በእንስሳት ሕክምና በሚሠራበት ስሌት መሠረት 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ በእረፍት ላይ በቀን የሚያስፈልገው 270 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ጤናማና የሚንቀሳቀስ ውሻ ከዚህ ከግማሽ በላይ ጨምሮ ሊመገብ የሚችል ሲሆን፣ ክብደት እንዲቀንስ ለሚፈለግ ውሻ ግን ሊደርስበት ለታሰበው ክብደት የተሰላው የእረፍት መጠን በቂው ነው።

100 ግራም እንጀራ በግምት 150 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ የአንድ እንጀራ ግማሽ እንኳ የዚህን ትንሽ ውሻ የቀን ድርሻ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። በእንጀራው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያለበት ወጥ ቢፈስበት ዘይቱ ብቻ 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ቤተሰቡ «ምንም አልበላም» የሚለው ውሻ በዚህ ሁኔታ ከሚያስፈልገው በላይ ተመግቦ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚባባሰው ደግሞ የቤተሰቡ አባላት በየፊናቸው ጉርሻ ሲሰጡትና የተሰጠውን ጠቅላላ መጠን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ነው።

5 ኪሎ ግራም መመዘን የሚገባው ውሻ አንድ ኪሎ ቢጨምር ጭማሪው ከክብደቱ 20 በመቶ ነው። ይህም 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ እንደ መጨመር ይቆጠራል። ከልክ ያለፈ ውፍረት በመገጣጠሚያ፣ በልብና በመተንፈሻ አካላት ላይ ጫና ከማሳደሩም በላይ፣ በቆዳ እጥፋቶች መካከል እርጥበት እንዲጠራቀምና ቁስለት እንዲፈጠር ያደርጋል። የወፈረ ውሻ ጀርባውንና የጅራቱን ሥር በአፉ ደርሶ ማጽዳት ስለሚሳነው የቆዳው ሁኔታ ይበልጥ ይበላሻል።

የምግብ መጠን በውሻ ዕድሜ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለማወቅ በአሜሪካ በ48 የላብራዶር ዝርያ ውሾች ላይ ለ14 ዓመታት ጥናት ተካሂዷል። እ.አ.አ በ2002 ይፋ በሆነው በዚህ ጥናት ከጥንዶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ሲሰጣቸው የኖሩት ውሾች በአማካይ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ተጨማሪ ዕድሜ ኖረዋል። የመገጣጠሚያ ሕመምም በእነርሱ ላይ ዘግይቶ ታይቷል።

ክብደትን ማወቅና መከታተል

ውሻ መወፈሩን ለማወቅ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። በጎኑ ላይ እጅን በስሱ በማሳረፍ የጎን አጥንቶቹን መቁጠር ከተቻለ፣ ከላይ ሲታይ ወገቡ ገባ ያለ ከሆነና ከጎን ሲታይ ሆዱ ወደ ኋላ እግሮቹ ከፍ እያለ የሚሄድ ከሆነ ክብደቱ ተገቢ ነው። አጥንቶቹን ለማግኘት ጫን ማለት የሚያስፈልግ ከሆነ ውፍረት ጀምሯል። አጥንቶቹ በዓይን ተለይተው ከታዩ ደግሞ ውሻው ከስቷል ማለት ነው።

ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ አሳዳጊው ውሻውን ታቅፎ በሰው ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ የራሱን ክብደት መቀነስ ይበቃዋል። ልኬቱ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ተወስዶ በማስታወሻ ቢያዝ ለውጡን ለመከታተል ያመቻል። ጤናማ የሚባለው የክብደት መቀነስ በሳምንት ከጠቅላላው ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ በሳምንት ከ80 እስከ 160 ግራም ቢቀንስ በቂ ሲሆን፣ ወደ 6 ኪሎ ግራም ለመድረስ አምስት ወራት ያህል ሊወስድበት ይችላል። ውሻን በማስራብ ክብደቱን በአንድ ጊዜ ለማውረድ መሞከር ጡንቻውን የሚያሳጣና ጤናውን የሚጎዳ ነው።

የቀኑ ድርሻ በአንድ ሰው ኃላፊነት ጠዋት ተለክቶ በአንድ ዕቃ እንዲቀመጥና ለሁለት ጊዜ ተከፍሎ እንዲሰጥ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው። ማንኛውም የቤተሰብ አባል ጉርሻ መስጠት ቢፈልግ ከዚያው ዕቃ አንሥቶ ይሰጣል። ከመደበኛው ምግብ ውጭ የሚሰጡ ነገሮች በአጠቃላይ ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ መብለጥ የለባቸውም።

ማሳከክ ሁሉ ከምግብ አይመጣም

ውሻ ሲያክ አሳዳጊዎች በቅድሚያ የሚጠረጥሩት ምግብን ቢሆንም፣ በቅድሚያ መመርመር የሚገባቸው ግን ቁንጫ፣ ቅማል፣ መዥገርና እከክ ናቸው። እነዚህ ሳይወገዱ ምግብ መቀየር ጊዜና ገንዘብ ከማባከን የዘለለ ውጤት አይኖረውም።

ማሳከኩ የታየበት የሰውነት ክፍል ለመንስኤው ፍንጭ ይሰጣል። ቁንጫ በአብዛኛው የሚያሳክከው ወገብንና የጅራትን ሥር ነው። እከክ በጆሮ ጫፍ፣ በክርንና በሆድ ሥር ጀምሮ ወደ ሌላው አካል የሚዛመት ሲሆን፣ ከውሻው ጋር በሚነካኩ የቤተሰብ አባላት ላይም ጊዜያዊ ማሳከክ ያስከትላል። በምግብ ምክንያት የሚመጣ አለርጂ ደግሞ በጆሮ፣ በመዳፍ፣ በፊትና በፊንጢጣ ዙሪያ ጎልቶ የሚታይ ሲሆን፣ ክረምት ከበጋ ሳይለይ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። አንዳንድ ጊዜም ተቅማጥ ወይም ትውከት አብሮት ይኖራል።

ቁንጫን ለማጥፋት ውሻውን ብቻ ማከም በቂ አይደለም። በውሻው ላይ የሚታየው አዋቂ ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በእንቁላል፣ በእጭና በሙሽሬ መልክ በመኝታው፣ በወለሉና በምንጣፉ ላይ ይገኛል። ስለሆነም ማረፊያውን በሙቅ ውኃ ማጠብና ወለሉን አዘውትሮ መጥረግ የሕክምናው አካል ነው።

ለሰብልና ለከብት የተዘጋጁ እንደ ማላታይንና ዲያዚኖን ያሉ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን በውሻ ላይ መቀባት እጅግ አደገኛ ነው። ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን መርፌም ለጥቂት ኪሎ ግራም ክብደት ተለክቶ ለመስጠት አስቸጋሪ በመሆኑ በትንሽ ውሻ ላይ በቀላሉ የመመረዝ አደጋ ያስከትላል። አንዳንድ የውሻ ዝርያዎች ደግሞ በተፈጥሯቸው ይህን መድኃኒት መቋቋም አይችሉም። በመሆኑም የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን በእንስሳት ሐኪም ብቻ መወሰን ይኖርበታል።

የስምንት ሳምንት የምግብ ሙከራ

ተባዮች ተወግደው ማሳከኩ ከቀጠለ የምግብ አለርጂ መኖር አለመኖሩ ይፈተሻል። እስከ አሁን ባለው ዕውቀት ይህን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያሳየው የደም ምርመራ ሳይሆን የምግብ ሙከራ ነው። ሙከራው ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን አንድ የፕሮቲን ምንጭና አንድ የኃይል ሰጪ ምግብ ብቻ መርጦ ቢያንስ ለስምንት ሳምንታት ያለማቋረጥ መመገብ ነው። እ.አ.አ በ2016 ይፋ በሆነ የቀደሙ ጥናቶች ግምገማ በውሾች ላይ በብዛት አለርጂ ሲያስከትሉ የተገኙት የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። ዓሣ በዝርዝሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይገኛል።

በሙከራው ወቅት አንዲት ቁራሽ ዳቦ ወይም አንድ ጉንጭ ወተት እንኳ ውጤቱን ያዛባል። ማሳከኩ ከቀነሰ በኋላ የቀድሞው ምግብ ተመልሶ ይሰጣል። በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳከኩ ካገረሸ መንስኤው ምግቡ መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያም ምግቦች አንድ በአንድ እየተጨመሩ ጎጂው ይለያል። የቀድሞው ምግብ ተመልሶ ሳይሰጥ «ዳነ» ማለት ግን አያስተማምንም፤ ማሳከኩ በወቅት መለወጥ ወይም በተባዮች መጥፋት ሊቀንስ ይችላልና።

የሐይቅ ዓሣ ጥቅምና ገደብ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ ስሟን ካገኘችበት ሐይቅ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ የተባሉ ዓሣዎች ይመረታሉ። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው እ.አ.አ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። 100 ግራም የበሰለ የቆሮሶ ሥጋ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን የያዘ ሲሆን፣ የሚሰጠው ኃይል ከ130 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም። ስቡ አነስተኛ በመሆኑም ለወፈረ ውሻ ተስማሚ ነው።

ይሁን እንጂ ዓሣ ለምግብ ሙከራ የሚያገለግለው ውሻው ቀደም ሲል በልቶት የማያውቅ ከሆነ ብቻ ነው። በሐይቁ ዳርቻ ከቡችላነቱ ጀምሮ የዓሣ ትርፍራፊ ሲመገብ ላደገ ውሻ ዓሣ አዲስ ምግብ አይደለም። እንዲህ ላለው ውሻ በልቶት የማያውቀው ከሆነ የፍየል ሥጋ ይበልጥ ያገለግላል። በአንጻሩ በውጫሌ ደጋማ ቀበሌዎች ወይም በደሴ ከተማ ዓሣ ሳይቀምስ ላደገ ውሻ ቆሮሶ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ዓሣው ቅርፊቱና አጥንቱ በጥንቃቄ ወጥቶ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይትና ያለ ቅመም መቀቀል አለበት። ጥሬ ዓሣ ለጥገኛ ትላትሎች ከማጋለጡም በላይ፣ እንደ ካርፕ ያሉት ዓሣዎች በጥሬው ሲበሉ ቫይታሚን ቢ 1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ምግብ ማብሰል ይህን ንጥረ ነገር ያጠፋዋል።

6 ኪሎ ግራም እንዲመዝን ለሚፈለግ ውሻ ለሙከራው ጊዜ የሚሆን የአንድ ቀን ድርሻ እንደሚከተለው ሊዘጋጅ ይችላል፦

- የተቀቀለ የቆሮሶ ሥጋ 100 ግራም፤
- ተልጦ የተቀቀለ ድንች 110 ግራም፤
- የተቀቀለ ካሮት 30 ግራም፤
- የኑግ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ።

ይህ በድምሩ 270 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ድንቹ አረንጓዴ ያልሆነና ያልበቀለ መሆን ይኖርበታል። ድርሻው ዕድገቱን ለጨረሰ ጤናማ ውሻና ለሙከራው ጊዜ ብቻ የታሰበ ነው። በቂ ካልሲየም፣ ዚንክና አንዳንድ ቫይታሚኖች ስለማይገኙበት ለቡችላ፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ ውሻ አይሰጥም። ከሙከራው ጊዜ በላይ የሚቀጥል ከሆነም የጎደለውን ለማሟላት የሐኪም ምክር ያስፈልጋል።

ለቆዳ የሚበጁ ንጥረ ነገሮች

የቆዳ ችግር ከአለርጂ ብቻ ሳይሆን ከምግብ እጥረትም ይመጣል። እንጀራና ዳቦ ብቻ እየበላ ያደገ ውሻ የፕሮቲን፣ የአስፈላጊ ቅባትና የዚንክ እጥረት ሊገጥመው ይችላል። በእህል ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ዚንክ በአንጀት በኩል ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። ምልክቶቹም የጸጉር ወዝ ማጣት፣ የቆዳ መፈርፈርና በዓይን፣ በአፍና በመዳፍ ዙሪያ የሚታይ ቅርፊት ናቸው።

በአማራ ክልል በሰፊው የሚመረተው ኑግ ሊኖሌይክ አሲድ በተባለው ለቆዳ አስፈላጊ በሆነ ቅባት የበለጸገ ነው። በምግብ ላይ የሚጨመር አንድ የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት የጸጉርን ወዝ ለመመለስ ይረዳል። ሆኖም አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 40 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ በመሆኑ ከቀኑ ድርሻ ውስጥ መቆጠር አለበት። የቆዳን መቆጣት የሚያበርደው ኦሜጋ ሦስት የተባለው ቅባት ግን በብዛት የሚገኘው ስብ በበዛባቸው የባሕር ዓሣዎች ነው። የሐይቅ ቆሮሶ ስቡ አነስተኛ በመሆኑ በዚህ ረገድ የዓሣ ዘይትን አይተካም። በሁለቱም ቅባቶች ቢሆን ለውጥ ለማየት ከሁለት እስከ ሦስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከማዕድ ለውሻ የማይሰጡ

የአገራችን ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት በማፍረስ የደም ማነስ ያስከትላሉ። መብሰላቸውም መርዛማነታቸውን አያስወግድም። ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚበልጥ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ የበላ ውሻ ሊመረዝ የሚችል ሲሆን፣ ይህ ለ6 ኪሎ ግራም ውሻ 30 ግራም ብቻ፣ ማለትም የአንዲት አነስተኛ ሽንኩርት መጠን ነው። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ መስጠትም ጉዳቱ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ድዱ የነጣ፣ ሽንቱ የቀላና የደከመ ውሻ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።

ዘቢብና የወይን ፍሬ፣ ቸኮላታ እንዲሁም ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ለውሻ መርዛማ ናቸው። የበሰለ አጥንት በስለት መልክ ስለሚሰነጠቅ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል።

ጾምና በዓል

የአመጋገብ ለውጥ በውሾች ላይ የሚጎላው በጾምና በበዓል ሰሞን ነው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት በክርስቲያን ቤተሰብ ማዕድ ላይ የእንስሳት ተዋጽኦ ስለማይኖር ውሻው የሚደርሰው እንጀራና የሽሮ ወጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። በፋሲካ ዕለት ደግሞ ድንገት ጮማና የቅቤ ወጥ ይቀርብለታል። ይህ ድንገተኛ ለውጥ ትውከትና ተቅማጥ፣ ሲከፋም ለሞት የሚያደርስ የቆሽት ብግነት ሊያስከትል ይችላል። ቤተሰቡ በሚጾምበት ወቅት ለውሻው የሚሆን እንቁላል ወይም ዓሣ ለብቻ ቀቅሎ መስጠት፣ የምግብ ለውጥንም ከ7 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ማከናወን ይመከራል።

በፋሲካም ሆነ በአረፋ በዓል በየግቢው በሚታረዱ እንስሳት ሳንባና ጉበት ላይ የውኃ ከረጢት የመሰለ እብጠት ሊገኝ ይችላል። ይህን ጥሬውን የበላ ውሻ የኮሶ ትል ዓይነት ጥገኛ ይይዘዋል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር በእጅ፣ በምግብና በውኃ አማካይነት ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይፈጥራል። በተለይ ውሻ ከልጆች ጋር በሚውልበት ቤት እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም በሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት የቤተሰቡን ጤና መጠበቅ ነው።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባበት ጊዜ

ለአራት ሳምንታት በትክክል ተለክቶ እየተመገበ ክብደቱ ያልቀነሰ፣ ብርድ የማይችል፣ በሁለቱም ጎኑ ጸጉሩ እኩል የሚረግፍ ወይም ከመጠን በላይ ውኃ የሚጠጣ ውሻ የዕንቅርት ወይም ሌላ የዕጢ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል በምግብ ብቻ አይስተካከልም። ቆዳው የቆሰለ፣ መግል የያዘ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ውሻም ሕክምና ያስፈልገዋል። ወረዳዎች የእንስሳት ክሊኒክ ያላቸው ሲሆን፣ በኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ይገኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየጊዜው መስጠትም ከቤት ለማይወጣ ትንሽ ውሻ ሳይቀር የሚያስፈልግ ነው።

አሳዳጊው ወደ ሐኪም ሲሄድ የውሻውን ሳምንታዊ ክብደት፣ የበላቸውን ምግቦች ዝርዝርና ማሳከኩ የጀመረበትን ጊዜና ቦታ በጽሑፍ ይዞ ቢቀርብ ምርመራው ይፋጠናል። አላስፈላጊ የመድኃኒት ወጪም ይቀንሳል።